የታዳጊ ልጅ ዋጋ በላይክ እንዳይለካ፦ ለድሬዳዋ ክርስቲያን ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከ13 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች ለሚያሳድጉ ክርስቲያን ወላጆች፣ ለክርስትና አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም በየአጥቢያው ታዳጊዎችን ለሚያስተምሩ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ነው። የተጻፈው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ላይ ተመሥርቶ ቢሆንም፣ የወንጌላውያንና የካቶሊክ ቤተሰቦችም የየራሳቸውን ሥርዓት ተክተው ሊሠሩበት ይችላሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን ከየትኛውም ከተማ አስቀድሞ የጀመረው በድሬዳዋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዳታ ጥቅል አማራጩ በዝቷል፣ የራሱ ስልክ የሌለው ታዳጊም የታላቁን ወይም የጓደኛውን ይዋሳል። ስለዚህ «ስልክ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» የሚለው ክርክር በአብዛኛው ቤት ጊዜው አልፎበታል። የቀረው ጥያቄ ልጁ ስልኩን ከፍቶ ሲዘጋው ስለ ራሱ ምን አምኖ ይነሣል የሚለው ነው።

የመመሪያው ዋና ሐሳብ አንድ ነው። የክርስቲያን ልጅ ዋጋ የተነገረው ወንዱ በተወለደ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ፣ ገና አንዳች ነገር ሳይሠሩ በጥምቀታቸው ዕለት ነው። ማኅበራዊ ሚዲያው ግን ያንኑ ዋጋ በየቀኑ፣ በየሰዓቱም፣ እንደ አዲስ እንዲያስመሰክሩ ይጠይቃቸዋል። እኛ የምንሠራው ሥራ ሁሉ የመጀመሪያው ቃል ከሁለተኛው ጥያቄ በፊት እንዲሰማቸው ማድረግ ነው፤ የስልክ ሰዓት መገደብም ሆነ ሴቲንግ ማስተካከል ለዚህ አገልጋይ እንጂ በራሱ ግብ አይደለም።

አንደኛ፦ ከልጁ በፊት ራስን ማዘጋጀት

ቲክቶክንም ሆነ ኢንስታግራምን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ስለ ቲክቶክ ሲመክር ልጁ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያውቅበታል። ስለዚህ አስቀድመው መተግበሪያውን በራስዎ ስልክ ላይ ይጫኑና ለጥቂት ቀናት ይጠቀሙበት። ሲጠቀሙ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ መተግበሪያው ቀጥሎ የሚያሳይዎትን የሚመርጠው ላይክ ያደረጉትን ብቻ አይቶ አይደለም፤ በየትኛው ቪዲዮ ላይ ለምን ያህል ሰከንድ እንደቆዩ፣ የትኛውን ደግመው እንዳዩ ጭምር ይመዘግባል። በኀዘን ወይም በቅናት የቆዩበትም ቪዲዮ እንደ ወደዱት ተቆጥሮ መሰሉ ይከታተልዎታል። አንድ ልጅ ስለ መልኩ ተጨንቆ ሁለት ሦስት ጊዜ የቆዳ ማቅያ ቪዲዮ ላይ ከቆየ፣ በማግስቱ ስልኩ በቆዳ ማቅያ ይሞላል፤ ልጁም «ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ነው» ብሎ ያምናል። ይህን አሠራር ወላጁ ራሱ ካላየው ለልጁ ሊያስረዳው አይችልም።

የፌስቡክ የላይክ ቁልፍ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ጣት ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ማለቂያ የሌለው ገጽ የሚያመጣው አሠራር ደግሞ በ2006 የተፈለሰፈ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ያልነበረ ነገር መሆኑን ለልጆች መንገር ይጠቅማል፤ እነርሱ እንደ ፀሐይና እንደ ዝናብ ሁልጊዜ የነበረ ይመስላቸዋልና።

በዚሁ የዝግጅት ጊዜ በአገራችን ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ይፈትሹ፤ ልጁ አካውንቱን ሲከፍት ያስገባው የልደት ዓመት በየትኛው አቆጣጠር ነው? በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ይህንኑ ቁጥር እንዳለ ቢያስገባ፣ መተግበሪያው በፈረንጆቹ 2003 እንደተወለደ ስለሚቆጥር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሮ እንደ ጎልማሳ ይመዘግበዋል። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አካውንታቸውን ለማያውቁት ሰው ዝግ ያደርጋል፣ የግል መልእክትንም ይከለክላል፤ ከ18 በታች ላሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የቀን አጠቃቀማቸውን በ60 ደቂቃ ወስኖ ከዚያ በኋላ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል። እነዚህ መከላከያዎች ሁሉ በአንድ የተሳሳተ የልደት ዓመት ምክንያት ለልጅዎ ሳይደርሱ ቀርተው ሊሆን ይችላል።

የራስዎን ስልክም አይርሱ። በቅዳሴ መሐል ስልኩን የሚያይ አባት፣ ማዕድ ላይ ቪዲዮ የምታሳይ እናት፣ ልጃቸውን በምክር የሚያሸንፉበት መንገድ የለም። ከልጁ የሚጠይቁትን ሥርዓት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አስቀድመው በራስዎ ላይ ይጀምሩት፤ መጀመርዎንም አይንገሩት፤ ራሱ ያየዋል።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያው ንግግር

በድሬዳዋ ሙቀት ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ትልልቁ ሰው ጋደም ይላል። ታዳጊው ግን ስልኩን ይዞ ብቻውን የሚቀረው በዚያው ሰዓት ነው። ንግግሩን በዚህ ሰዓት አይጀምሩ፤ ሰውም ይሰለቻል፣ ልጁም እጅ ከፍንጅ የተያዘ ይመስለዋል። አመሻሹ ላይ ነፋስ ሲገባ፣ ለምሳሌ ወደ ከዚራ በእግር እየሄዱ፣ ጎን ለጎን ሆኖ ማውራት ከፊት ለፊት ተቀምጦ ከመጠየቅ እጅግ ይሻላል፤ ልጆች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ብዙ ይናገራሉ።

ንግግሩን በስብከት ሳይሆን በጥያቄ ይክፈቱት። ጥያቄውም «ስንት ሰዓት ታያለህ?» የሚል አይሁን፤ ይህ የምርመራ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ውሸት ይሆናል። «ሰሞኑን አይተኸው ከልብህ ያሳቀህ ነገር ምንድን ነው? አይተኸው ስትዘጋው የከፋህስ?» ብሎ መጀመር ሁለቱንም ወገን በእኩል ያወጣል።

በምናስተምርበት ክፍል ከአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጋር የተደረገውን ንግግር እንዳለ ላስቀምጠው፤ የአካሄዱን መንገድ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ያሳያልና። ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዋን እንደለበሰች ከዛፉ ጥላ ሥር የተነሣችውን ፎቶ ለጥፋ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አጠፋችው።

«ለምን አጠፋሽው?»
«አሥራ ስምንት ላይክ ብቻ። አቦ መምህር፣ አስጠልቼ ነው እንጂ።»
«ስንት ቢሆን ኖሮ ትተዪው ነበር?»
«መቶ።»
«የልደትሽ ፎቶ መቶ አልፎ አልነበር? ያን ቀን ደስ ብሎሽ ዋልሽ?»
ትንሽ ዝም አለችና፣ «ከጓደኛዬ ያንስ ነበር» አለች።

እዚህ ላይ «አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ» ማለት የሚያጓጓ መልስ ነው፤ ስሕተቱ ግን ሚዛኑን ሳይነካ ክብደቱን ብቻ መጨመሩ ነው። ልጅቷ የሚያስፈልጋት አሥራ ዘጠነኛ ላይክ አልነበረም፤ አሥራ ስምንትም ሆነ መቶ ያልመለሱላት ጥያቄ መኖሩን ማየት ነበር። መምህሩ የጠየቀውን ጠይቆ ዝም ማለቱ፣ ምክሩንም ለሌላ ቀን ማቆየቱ ልክ ነበር። በመጀመሪያው ንግግር ጥያቄው ከተገለጠ በቂ ነው።

ሦስተኛ፦ ስልኩን አብሮ ማየት

ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ልጁ ፈቅዶ፣ የራሱን ስልክ ይዞ አብረው ይቀመጡ። የግል መልእክቱን አይክፈቱ፤ ይህን አስቀድመው ቃል ይግቡለት፣ ቃልዎንም ይጠብቁ። አብራችሁ የምታዩት ራሱ መተግበሪያው የሚያቀርብለትን ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ከሆነ ሁለት ሁለት እያደረጉ ማየት ይቻላል።

ሃያ ያህል ቪዲዮዎችን በተከታታይ ይዩና በእያንዳንዱ ላይ ልጁ ሦስት ነገር በወረቀት ይጻፍ፤ ይህ ቪዲዮ ምን እንድፈልግ ያደርገኛል? ራሴን ከማን ጋር አወዳደርሁ? የሠራው ሰው ከእኔ ማየት ምን ያተርፋል? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ታዳጊዎችን ያነቃቸዋል፤ ላይቭ ገብቶ «ስጦታ ላኩ» የሚለው፣ ልብስ የሚሸጠው፣ ሰው የሚሳደበው፣ ሁሉም ከተመልካች ቆይታ ገንዘብ ወይም ስም እንደሚያገኝ ሲጽፉት ከነገሩ ትንሽ ራቅ ብለው ያዩታል። ሲጨርሱ ወረቀቱን አያርሙት፤ ልጁ ጮኾ ያንብበውና ራሱ ይደነቅ። የማይፈልገውን ቪዲዮ ጫን አድርጎ ይዞ «አልፈልግም» የሚለውን መምረጥ፣ አልፎም ፎር ዩ የሚባለውን ገጽ ከሴቲንግ ውስጥ እንደ አዲስ ማስጀመር እንደሚቻል ያሳዩት።

አራተኛ፦ መሠረቱን መጣል

ይህ ደረጃ የመመሪያው ልብ ነው፤ አራት ወይም አምስት ሳምንት ቢወስድ አይብዛ። ሌሎቹን ደረጃዎች በችኮላ ያለፈ ሰው ይህን ብቻ በሚገባ ቢሠራ ብዙ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ትምህርት በየዓመቱ ጥር 11 ቀን የምናከብረው የጌታችን ጥምቀት ነው። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን ከምዕራፍ 4 ጋር ሳይለያዩ በአንድ ትንፋሽ ያስነብቡ። «በእርሱ ደስ የሚለኝ የምወደው ልጄ ይህ ነው» የሚለው የአብ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ጌታችን ገና አልሰበከም፣ ድውይ አልፈወሰም፣ ሕዝብ አልተከተለውም ነበር። ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው እንዲያገኙት «እስከዚህ ምዕራፍ ድረስ ስንት ተአምር አድርጓል?» ብለው ይጠይቁ፤ ገጹን ወደ ኋላ እየገለጡ ይፈልጉ። ቀጥሎ ፈታኙ መጥቶ የሚያነሣው የመጀመሪያ ነገር ያንኑ የተነገረውን ቃል ነው፤ የእግዚአብሔር ልጅ ከሆንህ ድንጋዩን እንጀራ አድርግ፣ ከመቅደሱ ጫፍ ዝለል ይለዋል። ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ አስደናቂ ነገር ሠርቶ ማንነትን የማሳየት ግብዣ ነው። ጌታችን ሊያስመሰክር አልተነሣም፤ ቃሉን በቃል መለሰ። እርሱ የባሕርይ ልጅ ነው፤ እኛ ደግሞ በጥምቀት የጸጋ ልጆች ሆነናል፤ ይህን ልዩነት በግልጽ አስቀምጦ፣ ለእኛም ልጅነቱ ከሥራችን በፊት የተሰጠ መሆኑን ማስተማር ይገባል።

ለዚህ ትምህርት የሚሆን አንድ ልምምድ አለ። እያንዳንዱ ልጅ በወረቀቱ በአንድ ወገን በመተግበሪያው ላይ የሚጠራበትን ስም፣ በሌላው ወገን የክርስትና ስሙን ይጻፍ። የመጀመሪያውን ማን አወጣው፣ ለምንስ መረጠው? ሁለተኛውን ማን አወጣው፣ ያን ዕለት እርሱ ምን ያደርግ ነበር? አብዛኞቹ «አለቅስ ነበር» ወይም «ተኝቼ ነበር» ይላሉ። ቄሱ በስሙ ጠርተው ያጠመቁት፣ ማተቡን ያሰሩለት፣ ቅዱስ ቁርባን ያቀበሉት ምንም ሊያሳይ በማይችልበት ቀን ነው። የክርስትና ስማቸውን የማያውቁ ልጆች ይገኛሉ፤ ወደ ቤት ሄደው እናታቸውን ወይም የክርስትና እናታቸውን እንዲጠይቁ፣ ስለዚያ ቀን የሚያስታውሱትን ሁሉ እንዲያስነግሩ ይላኩ። ይዘውት የሚመጡት ታሪክ ከማንኛውም ስብከት የበለጠ ይይዛቸዋል፤ ያን ቀን የነበረውን ሙቀት፣ ከቁልቢ የመጣችውን አያት፣ ጠበሉ ሲነካው የጮኸውን ጩኸት ሁሉ እየተሳሳቁ ይናገራሉ።

ሁለተኛው ትምህርት ሳኦል ነው። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ላይ ሴቶቹ «ሳኦል ሺህ፥ ዳዊት እልፍ ገደለ» እያሉ ሲዘፍኑ ሳኦል ንጉሥ ነበር፤ ዙፋኑን የነካበት፣ ጦሩን የቀማው ማንም አልነበረም። ሺህም ሰጥተውት ነበር። የጎዳው የጎረቤቱ ቁጥር ከእርሱ መብለጡ ብቻ ነው፤ መጽሐፉም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዊትን በክፉ ዓይን ተመለከተው ይላል። ይህን ክፍል በመድረክ እንዲጫወቱት ማድረግ ይቻላል፤ ታዳጊዎች ሳኦልን ወዲያው ይለዩታል፣ እኔም የማውቀው ሰው ነው ይላሉ። በዚያው መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ እግዚአብሔር ለሳሙኤል በእሴይ ቤት የነገረውን፣ «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» የሚለውን ያንብቡ። ዳዊት ያን ዕለት ከቤት እንኳ አልተጠራም ነበር፤ በጎች ይጠብቅ ነበር።

ሦስተኛው በጸሎት የሚሆን ነው። መዝሙር 138፣ በሌላው ኅትመት 139፣ «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁና አመሰግንሃለሁ» የሚለው ያለበትን መዝሙር፣ ልጁ ጠዋት ስልኩን ከመንካቱ በፊት እንዲጸልየው ይልመድ። ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው፤ ከኖቲፊኬሽን በፊት ዳዊት። ሙሉውን ማድረስ ለሚከብደው ጥቂት ቁጥር ይበቃዋል፤ ሳያስታጉል ይቆይበት እንጂ።

አምስተኛ፦ መልክ፣ ፊልተር እና የሌላ ሰው ኑሮ

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ ሰው ራሱን የሚለካበት ግልጽ መለኪያ ሲያጣ ራሱን ከሌሎች ጋር ያወዳድራል። ፌስቲንገር ይህን በጻፈበት ዘመን አንድ ልጅ የሚወዳደረው ከሰፈሩና ከክፍሉ ልጆች ጋር ነበር። ዛሬ የሳቢያን ሰፈር ልጅ የምትወዳደረው ሙያተኛ ካሜራ፣ ብርሃንና ፊልተር ካላት፣ ከመቶ ፎቶ አንዱን መርጣ ከምትለጥፍ ሴት ጋር ነው።

ይህን በንግግር ከማስረዳት ማሳየቱ ይቀላል። ፊልተር ያለውን ካሜራ ይክፈቱና አብራችሁ ፊታችሁን እዩ፤ ፊልተሩ የቱን እንደለወጠ ልጁ ይዘርዝር። ብዙዎቹ ፊልተሮች ቆዳን ያቀላሉ፣ አፍንጫን ያቀጥናሉ፣ ዓይንን ያተልቃሉ። «ይህ ፊልተር ቆንጆ የሚለው የማንን ፊት ነው? የእናትህን ፊት ምን አደረገው?» ብሎ መጠየቅ ለድሬዳዋ ልጅ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ የገዛ ቤተሰቡ መልክ እንደ ጉድለት ተቆጥሮ መታረሙ ነው። እግዚአብሔር በአርአያው ፈጠረን የሚለው የኦሪት ዘፍጥረት ቃል እዚህ ላይ ሲነበብ ሥጋ ለብሶ ይታያቸዋል። ሙሴ ከሲና ተራራ ሲወርድ ፊቱ እንደሚያበራ አላወቀም ነበር የሚለውንም ኦሪት ዘጸአት 34 ላይ ያሳዩአቸው።

ከመልክ ቀጥሎ የሚጎዳው ኑሮ ነው፤ ከውጭ አገር ዘመድ የሚለጠፈው መኪናና ልብስ በተለይ። ይህንኑ ዘመድ በስልክ ደውሎ «ዛሬ ስንት ሰዓት ሥራ ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ብዙ ነገር ያስተካክላል።

ስድስተኛ፦ ከመለጠፍ በፊት

መለጠፍ ኀጢአት ነው ብለን አናስተምርም፤ ውብ መዝሙር የሚያሰሙ፣ ጥሩ ትምህርት የሚያካፍሉ ልጆች አሉንና። ነገር ግን ልጁ ከመለጠፉ በፊት ራሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ይኑረው፤ ማንም ላይክ ባያደርገው ይህን ማድረጌ ደስ ይለኛል? አዎን ካለ ይለጥፈው። አይደለም ካለ እስከ ነገ ያቆየው፤ ነገ ብዙ ጊዜ ፍላጎቱ ያልፋል።

መንፈሳዊ ነገር ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጣል። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል በሚደረገው ጉዞ፣ እያለቀሰች ስለቷን የምታስገባ እናት ፊት ላይ ስልክ ሲቀሰር ይታያል፤ ቅዳሴ ሲቀደስ ጀርባውን ለመንበሩ ሰጥቶ ራሱን የሚቀርጽም አለ። በዐቢይ ጾም ሁለተኛው እሑድ፣ በቅድስት፣ የሚነበበው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ለዚሁ የተመደበ ያህል ነው፤ በስውር የሚያይ አባትህ ይከፍልሃል ይላል። ያንን እሑድ ለዚህ ትምህርት ቢያውሉት መልካም ነው። ለታዳጊዎቹም ግልጽ ሥርዓት ይስጡ፤ የሚጸልይ ሰው ሳይፈቅድ አይቀረጽም፣ በቅዳሴ ሰዓት ስልክ አይወጣም፣ ምጽዋት ሲሰጥ የተቀባዩ ፊት አይለጠፍም።

ሰባተኛ፦ የሃይማኖት ስድብ

ይህ ለድሬዳዋ ቤተሰብ የተለየ ጉዳይ ስለሆነ ቆም ልልበት እወዳለሁ። በመጋላም ሆነ በከዚራ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፣ በበዓል ይጠያየቃሉ፣ በሐዘን አብረው ይቀመጣሉ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይቀላቀላሉ። ይሁንና ቀን ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ኳስ የተጫወተው ታዳጊ ማታ በፌክ አካውንት የዚያኑ ልጅ ሃይማኖት ሲሳደብ ይገኛል። ከጀርባው ያለው ብዙ ጊዜ የእምነት ቅናት አይደለም፤ ስድቡ ከማንኛውም ነገር ይልቅ ላይክና ፎሎወር ያመጣለታል፣ የማያውቃቸው ሰዎችም «ጀግና» ይሉታል። በትምህርት ቤት ማንም ያልሰጠውን ስፍራ እዚያ ያገኛል። ስለዚህ ይህም የዋጋ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በመሠረቱ በአራተኛው ደረጃ ያለው ነው።

ልጁን ሲያገኙት በቁጣ አይጀምሩ። የጻፈውን ኮሜንት ራሱ ጮኾ ያንብበው፤ ከዚያ «ይህን ለእነ እንትና እናት ፊት ለፊት ትለዋለህ?» ብለው በግቢው ያሉትን ሴት ስም ጠርተው ይጠይቁት። ሃይማኖቱን መጠበቅ መልካም መሆኑን ሳይነፍጉት፣ ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ለሚጠይቃችሁ በየዋህነትና በፍርሃት መልስ ስጡ ማለቱን ያሳዩት። ጥያቄ ያለው ልጅ ወደ መምህራን ይቅረብ፤ ኮሜንቱን ያጥፋ፣ ፌክ አካውንቱንም ይዝጋ። ስድቡ በስም ለሚታወቅ ሰው ከሆነ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፤ አዋቂ ሰው አብሮት ይሂድ።

ስምንተኛ፦ የቤት ሥርዓት

ሥርዓቱን ቤተሰቡ አብሮ ያውጣው፤ ልጁ ያልተሳተፈበት ሥርዓት በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። ከሁሉ የሚቀድመው እንቅልፍ ነው። የሌሊት ዳታ ጥቅል ርካሽ በመሆኑ ብዙ ልጆች እኩለ ሌሊት ጠብቀው ይከፍታሉ፤ ስለዚህ ስልክ ሁሉ፣ የአባትና የእናት ጭምር፣ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ በአንድ ቦታ ቻርጅ ይደረግ። ለማንቂያ ያስፈልገኛል የሚል ልጅ የጠረጴዛ ሰዓት ይገዛለት። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳልፉ ልጆች ለድብርትና ለጭንቀት የመጋለጥ ዕድላቸው እጥፍ እንደሚሆን ተገልጿል። ጥናቱ በሌላ አገር ልጆች ላይ የተደረገ ቢሆንም ሦስት ሰዓት የሚለው ወሰን ለመነጋገሪያ ይጠቅማል።

ከሴቲንግ በኩል፣ ኢንስታግራምና ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የላይክ ቁጥር እንዳይታይ የማድረግ አማራጭ ሰጥተዋል፤ ልጁ ፈቅዶ ለአንድ ወር ይሞክረው። ቲክቶክ የወላጅን አካውንት ከልጁ ጋር የሚያገናኝ አማራጭ አለው፤ ይህንንም በስውር ሳይሆን ልጁ እያወቀ ያድርጉት።

ጾምን በተመለከተ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቪዲዮ አለማየት ለታዳጊ የሚቻል ጅምር ነው፤ የለመደው ወደ ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወይም ወደ ፍልሰታ ያሻግረዋል። በምትኩ የሚሠራው ነገር ካልተሰጠው ግን ጾሙ መሰላቸት ብቻ ይሆናል። ከበሮ ይማር፣ ዜማ ያጥና፣ ከቀትር በኋላ ባለው የዕረፍት ሰዓት ሰብሰብ ብለው የሚያነቡበት ጥላ ያለው ቦታ ይዘጋጅላቸው። እየጾመ መሆኑን በስቶሪ እንዳይለጥፍም አስቀድመው ይንገሩት።

ዘጠነኛ፦ ከምክር በላይ ሲሆን

አንዳንዱ ነገር በሰንበት ትምህርት ቤት አያልቅም። ልጁ እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ከጓደኞቹ ሁሉ ከተለየ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል በቀልድም ቢሆን ከተናገረ፣ ነገ ሳይባል ብቻውን ሳይተዉ ወደ ሐኪም ይዘውት ይሂዱ። የንስሐ አባት ይጠሩለት፣ ጸሎትም ጠበልም ይሁን፤ ሐኪሙ ግን አይቅር። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኀኒትን አክብረው፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና እንደሚል ለቤተሰቡ ያስታውሱ። «እምነት ቢኖረው አይጨነቅም ነበር» የሚለው ንግግር በማንም አፍ አይግባ።

ሌላው አስቸኳይ ጉዳይ በምስል ማስፈራራት ነው። አንድ ሰው የልጁን ወይም የልጅቷን የግል ምስል ይዞ ገንዘብ ወይም ተጨማሪ ምስል ከጠየቀ፣ ምንም አይክፈሉ፣ ተጨማሪም አይላክ። መልእክቶቹንና የአካውንቱን ስም ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡ፤ ምስሉን ራሱን ግን ለሌላ ሰው አያስተላልፉ። ከዚያ አካውንቱን ሪፖርትና ብሎክ አድርገው ለፖሊስ ያመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማስፈራራትም፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የወሲብ ምስል ማሰራጨትንም ወንጀል አድርጎ ይቀጣል። ለልጅቷ የሚነገራት የመጀመሪያ ቃል «ለምን ላክሽ?» አይሁን። «ነግረሽኛልና ጥሩ አድርገሻል፤ ከዚህ በኋላ ብቻሽን አይደለሽም» ይባልላት፤ ፖሊስ ጣቢያም ሆነ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ እርሷ ራሷ የመረጠቻት አንዲት ሴት አብራት ትሂድ። ጉዳዩን የሚያውቁት ሰዎች ሊረዷት የግድ ከሚያስፈልጉት አይብለጡ፤ በክፍልም ሆነ በአገልጋዮች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ «ለጸሎት» በሚል እንኳ፣ አይነሣ።